አይቶ እንዳላየ የማያልፍ ዘበኛ

ንግግሬን በአንድ አይጥ ልጀምር። ሚኪ ማውስን ከሕዝብ ጋር ያስተዋወቀችው «ስቲምቦት ዊሊ» የተባለች አጭር ፊልም የወጣችው በ1928 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ። የአሜሪካ ሕግ የሰጣት የ95 ዓመት ጥበቃ አልቆ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 የሕዝብ ሀብት ሆነች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ሊያሳያት፣ ሊቆራርጣት፣ ሊቀልድባት ይችላል። አንድ አሜሪካዊ የድምፅ ተዋናይ ያንኑ አደረገ፤ ፊልሟን በራሱ ድምፅና ቀልድ አድሶ ወሩ ሳያልቅ ዩትዩብ ላይ ጫናት። የመድረኩ አውቶማቲክ ሥርዓት ግን «ይህ የዲዝኒ ነው» ብሎ ያዘበት፤ ከቪዲዮው ገቢ እንዳያገኝም አገደው። ሰውየው ተከራከረ፤ ይገባኛል ባይነቱም ተነሣለት። እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የያዘው ማሽን ነው። ማሽኑም ፊልሟን በሚገባ አውቋታል፤ ያላወቀው ዘመን መለወጡን ነው።

ዛሬ የምከራከርለት ነገር ከዚህች ትንሽ ክስተት ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሰው የወደደውን ፊልም፣ የወደደውን የካርቱን መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ በራሱ እጅ ሲስል፣ ፈረንጆቹ «ፋን አርት» ይሉታል፤ እኛ የአድናቂ ሥዕል እንበለው። የቅጂ መብት ሕጉን ቃል በቃል ከያዝነው የአድናቂ ሥዕል መሬቱ ጠንካራ አይደለም። ከአንድ ሥራ ሌላ ሥራ የማውጣት መብት በአብዛኛው አገር የዋናው ደራሲ ነው። እንዲህም ሆኖ የአድናቂ ሥዕል በዓለም ላይ በሚሊዮን ተቆጥሮ ኖሯል። የኖረው ሕጉ ስለፈቀደለት አይደለም፤ ባለመብቶቹ አይተው እንዳላዩ ስላለፉት ነው። ከፊሉ ለራሱ ጥቅም ሲል አለፈ፤ አድናቂ ማለት ደመወዝ የማይጠይቅ አስተዋዋቂ ነውና። ከፊሉ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት፣ ከፊሉም የጠበቃው ወጪ ከጥቅሙ ስለበለጠበት አለፈ። እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፤ የቅጂ መብትን የማስከበሩ ሥራ ለማሽን ሲሰጥ ጠፍቶ የቀረው ይኸው አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው። የሕጉ አንቀጽ ሳይነካ ሕጉ ተለወጠ። የለወጠውም ምክር ቤት ሳይሆን ሶፍትዌር ነው።

አይቶ ማለፍ የስንፍና ሌላ ስሙ እንዳይመስላችሁ ጃፓንን ተመልከቱ። በቶኪዮ ኮሚኬት የሚባል ገበያ አለ። በዲሴምበር 1975 ሲጀመር 32 የሥዕል ቡድኖችና 700 ገደማ ጎብኚዎች ነበሩት፤ በኦገስት 2019 ለአራት ቀን ሲካሄድ የጎብኚው ቁጥር 730 ሺህ ደርሷል። እዚያ ከሚሸጡት ቡክሌቶች ብዙዎቹ ታዋቂ ገጸ ባሕርያትን ተውሰው አድናቂዎች የሠሯቸው ናቸው። ዛሬ ስማቸው የገነነ ሠዓልያን እጃቸውን ያፍታቱበት ገበያ ነው። የጃፓን ሕግ ይህን በግልጽ አልፈቀደም፤ ያደረገው ነገር የቅጂ መብት ወንጀል በአብዛኛው ባለቤቱ ካላመለከተ እንዳይከሰስ ማድረግ ነው። ቁልፉ በደራሲው እጅ ቀረ ማለት ነው። ኋላ ጃፓን ወደ ፓስፊክ አገሮች የንግድ ስምምነት ስትገባ ዐቃቤ ሕግ ያለ አመልካች መክሰስ እንዲችል ማድረግ ግዴታ ሆነባት፤ የካርቱን ሠዓልያኑም ደነገጡ። በዲሴምበር 2018 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ታዲያ አዲሱን ሥልጣን ዋናውን ሥራ እንዳለ በመገልበጥ ገበያ ለሚሻሙት ብቻ ወስኖ የአድናቂዎቹን ቡክሌቶች በድሮው ሥርዓት ተዋቸው። ምክር ቤቱ ቁጭ ብሎ ያሰበው «ያለ ባለቤቱ ጥያቄ የሚያስር ዘበኛ ብናቆም ምን ይጠፋል?» የሚለውን ነው። በኢንተርኔቱ ዓለም ይህን ጥያቄ በወቅቱ የጠየቀ አልነበረም።

የኢንተርኔቱ ሥርዓት መሠረት በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ነው። ሐሳቡ ለዘመኑ ብልህ ነበር፤ ሰዎች በጫኑት ነገር መድረኩ አይጠየቅም፤ ባለመብቱ «ይነሣልኝ» ብሎ ሲያመለክት ግን ቶሎ ማንሣት አለበት። ያን ጊዜ የታሰበው አመልካች ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር። ዛሬ የሚጽፈው ሮቦት ነው። በ2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ከ108 ሚሊዮን በላይ ማመልከቻዎች መካከል ናሙና ወስዶ መረመረ። ከመቶ 4.2 ያህሉ ይነሣ የተባለው ሥራና የባለመብቱ ሥራ ጭራሽ የማይገናኙባቸው ሆነው ተገኙ፤ ሲሶ የሚጠጉት ደግሞ ሕጋዊነታቸው የሚያጠያይቅ ነበሩ። በዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ የሰጠው መፍትሔ ግማሽ መንገድ የሄደ ነው። በ2007 አንዲት አሜሪካዊት እናት ሕፃን ልጇ በዘፋኙ በፕሪንስ ዘፈን ሲወዛወዝ የሚያሳይ የ29 ሰከንድ ቪዲዮ ጫነች፤ የሙዚቃ ኩባንያው አስነሣባት፤ እሷም ከሰሰች። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2015 ባለመብት «ይነሣልኝ» ከማለቱ በፊት ነገሩ ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም ሕጉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚፈቅደው አጠቃቀም፣ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት ሲል ወሰነ። ይሁን እንጂ ከልቡ ካመነ፣ እምነቱ ስሕተት ቢሆንም እንኳ፣ አይጠየቅም አለ። ሮቦት ከልቡ ሊያምን ይችላል ወይ? ልብ አለው ወይ? የ2015ቱ ውሳኔ ይዘትን በኮምፒዩተር መመርመርን የሚደግፍ ቃል ነበረበት፤ በ2016 ሲታረም ተሠረዘ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ እንደተንጠለጠለ ነው።

ማሽኑ በምን ዓይን እንደሚያይ ቀረብ ብለን እንይ፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። በጣም ቀላሉ የምስል አሻራ አነሳስ እንዲህ ነው። ሥዕሉ ቀለሙ ተገፎ ጥቁርና ነጭ ይደረጋል፤ ከዚያ ተጨምቆ ስምንት በስምንት፣ ማለትም 64 ትንንሽ ካሬ ብቻ ይሆናል። የ64ቱ አማካይ ብርሃን ይሰላል፤ ከአማካዩ የደመቀው ካሬ አንድ፣ የጨለመው ዜሮ ይባላል። ያ የ64 አሐዝ ሰንሰለት የሥዕሉ አሻራ ነው። ሁለት ሥዕሎች በጥቂት አሐዝ ብቻ ከተለያዩ ማሽኑ «አንድ ናቸው» ይላል። ይህ ዘዴ የተሰረቀን ፎቶ ለመያዝ ግሩም ነው፤ ሌባው ቢያሳንሰው፣ ቀለሙን ቢያደበዝዘው አሻራው ብዙም አይለወጥም። በእጅ እንደ አዲስ የተሳለ የአድናቂ ሥዕል ግን በዚህ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ አሳዳጆቹ ሌላ መንገድ ያዙ፤ ስሙን ይፈልጋሉ። ሠዓሊው ከሥዕሉ ሥር የገጸ ባሕርዩን ስም ከጻፈ ስሙ ራሱ ያስይዘዋል። ሦስተኛው ዓይን ከሁሉም የረቀቀው ነው። በ2021 መጀመሪያ የወጣው ክሊፕ የተባለ ሥርዓት ከ400 ሚሊዮን ሥዕልና መግለጫ ጥንዶች ተምሮ ሥዕልን ከቃል ጋር ማዛመድ ቻለ። እንዲህ ያለው ማሽን ካሬ አይቆጥርም፤ ማን እንደተሳለ ይለያል። ልብ በሉ፤ በ2022 የወጣው ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለ ሥዕል አምራች የሰውን ትእዛዝ የሚረዳው በዚሁ በክሊፕ አንድ ክፍል ነው። ሥዕል የሚያመርተውና ሥዕል የሚያሳድደው ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው።

ይህ ሦስተኛው ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ጎንደርን ቢያይ ምን ይል ነበር? ሮም በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል በኅትመት ወደ ኢትዮጵያ ከገባች በኋላ ሠዓልያኑ ደጋግመው ሳሏት። የተነባበሩት እጆቿ፣ በእጇ የያዘችው መሐረብ፣ የሕፃኑ መጽሐፍ፣ ሁሉም አለ። ዓይኑ፣ ቀለሙ፣ የልብሱ እጥፋት ግን የሮም መሆኑ ቀርቶ የጎንደር ሆኗል። በ1590ዎቹ መባቻ ሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም በብራናችን ላይ እንዲሁ ሁለተኛ ሕይወት አግኝተዋል። ያን ጊዜ የቅጂ መብት የሚባል ነገር ስላልነበረ ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም፤ ይሁንና ማሽኑ «ተመሳሳይ» የሚለውና የሥዕል ታሪክ ተመራማሪ «አዲስ» የሚለው አንድ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። መመሳሰል በመሣሪያ ይለካል። ፈቃድ፣ ቀልድ፣ ትችት፣ የዘመን ማለፍ ግን ከሥዕሉ ውጭ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ካሬ ብንቆጥርም፣ ክሊፕን ብንጠይቅም ሥዕሉ ላይ አናገኛቸውም።

አሁን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕሎች ልግባ። በማርች 2025 ቻትጂፒቲ አዲስ የሥዕል ማምረቻ ሲያወጣ ዓለሙ በአንድ ሳምንት የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ሥዕል በሚመስሉ ፎቶዎች ተጥለቀለቀ። የሠርግ ፎቶ፣ የፖለቲከኛ ፎቶ፣ የድመት ፎቶ፣ ሁሉም ጂብሊ ሆነ። የትኛው የአሻራ ሥርዓት ያዛቸው? የሚይዙበት ነገር አልነበረም። ከየትኛውም የጂብሊ ፊልም የተቀዳ አንድ ምስል የለባቸውም፤ የአሣሣል ስልት ደግሞ በቅጂ መብት አይጠበቅም። በሌላ በኩል የጂብሊን ገጸ ባሕርይ ቶቶሮን ለሦስት ሌሊት በእጇ ስላ ከሥሩ «ቶቶሮ» ብላ በታማኝነት የምትጽፍ ልጅ በስም ፍለጋ ትያዛለች። ምንጩን የተናገረ ይቀጣል፤ ምንጩን የዋጠ ያልፋል። ይህ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፤ በትክክል ሲሠራ የሚሰጠው ውጤት ነው። የባሰውም አለ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በፌብሩዋሪ 2023 «ዛሪያ ኦቭ ዘ ዶን» በተባለ የካርቱን መጽሐፍ ላይ ሲወስን ጽሑፉንና አደራደሩን ጠብቆ ሚድጆርኒ በተባለ ሥዕል አምራች ማሽን የወጡትን ሥዕሎች ጥበቃ ነፈጋቸው፤ የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በማርች 2025 ደራሲ ሰው መሆን አለበት ሲል አጽንቷል። ስለዚህ ማሽን ብቻውን ያወጣው ሥዕል በአሜሪካ ባለቤት የለውም። የ«ይነሣልኝ» ሥርዓት ግን አመልካቹን «እጅህ አለበት ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ባለቤት በሌለው ሥዕል ባለቤት ነኝ ብሎ የሌላውን ሥራ ማስወረድ ይቻላል ማለት ነው።

ትልልቆቹ እርስ በርስ ሲጣሉ የሚሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ዲዝኒና ዩኒቨርሳል በጁን 2025 ሚድጆርኒን ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ገጸ ባሕርያችንን ያለ ፈቃድ ታወጣለህ ብለው የራሳቸውንና የማሽኑን ሥዕል ጎን ለጎን አቀረቡ። ክሱ ትክክል ይሁን አይሁን እዚህ አልፈርድም። የማከብረው አካሄዱን ነው፤ ከሳሽ ማስረጃውን ይዞ ይመጣል፤ ተከሳሽ ጠበቃውን ያቆማል፤ ዳኛ ያያል። ለኩባንያ ዳኛ፣ ለሥዕል ወዳዷ ልጅ ሮቦት የሆነበት ምክንያት የክሱ ክብደት ሳይሆን የተከሳሹ አቅም ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ ሠዓሊ የሆነ ሰው እጁን ቢያወጣ አልደነቅም። «የእኔ ሥራ ተሰርቆ ቲሸርት ላይ ታትሞ ሲሸጥ ሌባውን የሚይዝልኝ ይኸው ማሽን አይደለም ወይ? አንተ የምትነቅፈው ዘበኛ ለእኔ ብቸኛው ዘበኛዬ ነው» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። ያኔ ፌስቡክ ይባል የነበረው ሜታ በ2020 የምስል ባለመብቶች የራሳቸውን ፎቶ የሚከታተሉበት መሣሪያ ሲያወጣ፣ የሥዕል መድረኩ ዴቪያንትአርትም በ2021 የአባላቱን ሥዕል ሰርቀው በኢንተርኔት ከሚሸጡ የሚጠብቅ ሥርዓት ሲዘረጋ ትንንሾቹም ጥቅም አግኝተዋል። ስለዚህ ማሽኑን አጥፉት አልልም። እንዳለ የተገለበጠ ሥዕል ላይ የ64ቱ ካሬ ዳኝነት ይበቃል፤ ስሕተቱም ትንሽ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የሌላ ሰው እጅ፣ የሌላ ሰው ቀልድ ወይም ሐሳብ ከገባበት በኋላ ነው። ከዚያ መስመር ወዲያ ማሽኑ ይጠቁም፤ አይፍረድ።

ሁለተኛው ተቃውሞ በቁጥር የሚመጣ ነው። ዩትዩብ በ2021 ባወጣው የመጀመሪያ የግልጽነት ሪፖርት ኮንቴንት አይዲ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓቱ በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ722 ሚሊዮን በላይ ይገባኛል ባይነት መዝግቧል፤ ክርክር የተነሣባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። «ይኸው፣ የተቃወመ የለም» ይባላል። ከመቶ አንድ የማይሞላው ቁጥር ሲገለጥ ግን 2.2 ሚሊዮን ክርክር ነው፤ ከነዚህም 60 በመቶው ለጫኚው ተፈርዷል። ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ ጊዜ ማሽኑ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ደፍረው ከተከራከሩት መካከል ብቻ ስንቆጥር። የቀሩት ዝም ያሉት ስላመኑ ነው ወይስ ስለፈሩ? መልሱን ክርክሩ እስከ መጨረሻ ከተገፋ ከሚደርስበት ከ1998ቱ ሕግ ቅጽ ላይ እናንብበው። አንድ ሥራ በ1998ቱ ሕግ ተነሥቶበት አላግባብ ነው የሚል ሰው፣ አዲስ አበባም ይቀመጥ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ፣ እውነተኛ ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን መስጠት፣ ተሳስቶ ነው የተነሣው ብሎ በሐሰት መሐላ እንደሚጠየቅ አውቆ መፈረምና በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት መስማማት አለበት። መረጃው ለአመልካቹ ይተላለፋል። ከዚያ ሥራው እስኪመለስ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ይጠብቃል። አመልካቹስ? እሱ በሐሰት መሐላ የሚጠየቀው ባለመብቱን እወክላለሁ ባለው ነገር ብቻ ነው፤ ሥራው ሕገ ወጥ ነው ላለው በቅን እምነቴ ማለት ይበቃዋል። አንዲት የመርካቶ ልጅ ስልኳ ላይ የሳለችው የካርቱን ጀግና ቢነሣባት ይህን ቅጽ ትሞላለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ልጅቷንም ቅጹንም አያውቃቸውም። ዩትዩብ ላይ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ፣ ማለትም የቅጂ መብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ፣ ቻናል ያስዘጋል። በዚህ ሁኔታ ዝምታ ስምምነት ነው ማለት ቀልድ ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉም የጠነከረው ተቃውሞ «ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ያየዋል?» የሚለው ነው። በየደቂቃው የሚጫነውን ሰው ሊያየው አይችልም፤ ልክ ነው። ማየት ያለበትም ሁሉንም አይደለም። ጀርመን ይህን በሕግ አስቀምጣዋለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 መመሪያው መድረኮችን ስለ ጫኚዎቻቸው ተጠያቂ ሲያደርግ ለትችት፣ ለካሪካቸር፣ ለፓሮዲና ከሌላ ሥራ ቀድቶ ሌላ ለመሥራት ቦታ እንዲተዉ፣ የክርክር ውሳኔም በሰው እንዲታይ አዘዘ። ፖላንድ መመሪያው ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳል ብላ ብትከስ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2022 መመሪያውን አጽንቶ፣ ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ መለየት የማይችል ማጣሪያ ግን ተቀባይነት የለውም አለ። ጀርመን በ2021 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ቁጥር ሰጠችበት፤ ከሌላ ይዘት ጋር የተቀላቀለ፣ ምስል ካልሆነ በቀር ከዋናው ሥራ ከግማሽ በታች የወሰደና ለንግድ ያልዋለ እስከ 15 ሰከንድ ድምፅ ወይም ቪዲዮ፣ እስከ 160 ፊደል ጽሑፍ፣ እስከ 125 ኪሎባይት ምስል የተፈቀደ ተብሎ ይገመታል፤ ክርክር ቢነሣም ውሳኔ እስኪሰጥ አይነሣም። ደጋግሞ በሐሰት የሚያመለክት ባለመብት ለጊዜው ከሥርዓቱ ይታገዳል። ቁጥሮቹ ሚዛናዊ ናቸው ብዬ አልማልም፤ 125 ኪሎባይት ዛሬ አንድ ደህና ሥዕል አይዝም። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ይቆይ፣ ከዚያ ሰው ይየው፣ በሐሰት የከሰሰ ይክፈል። የአሜሪካው ሥርዓት ተገልብጦ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ከእናንተ መካከል ለሚስሉት አንድ ቃል አለኝ። ረቂቃችሁን፣ የሥዕሉን ፋይል ከነንብርብሮቹ፣ የተሠራበትን ቀን አስቀምጡ። ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ሥራውን ደንግጣችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት አንብቡት፤ የያዛችሁ የመድረኩ ማሽን ነው ወይስ በ1998ቱ ሕግ የመጣ ማመልከቻ? ሁለቱ የተለያየ ክርክር ይጠይቃሉ። የማሽን ከሆነ ተከራከሩ፤ በዩትዩብ ከተከራከሩት አሥር ስድስቱ የረቱበት ችሎት ነው።